በግራ በኩል ያቆምሁት ሰው

የመምህራን ማሠልጠኛ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደ ትምህርት ከመምጣታችን በፊት ሥራ የነበረን ተማሪዎች የሥራ ዘመናችንን እንድንጽፍ መምህራችን አዘውናል። የእኔ የሥራ ዘመን ጣልያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ተጀምሮ ሲወጣ ያበቃ ስለሆነ አጭር ነው። ሹመትም ጡረታም የለበትም። ደኅና አድርጌ የተማርሁት ሙያ ግን አንድ አለ፤ እሱም ዐሥራ አንድ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ማቆም ነው። ስለ እሱ እጽፋለሁ። ያጠፋሁትንም አልደብቅም።

መጀመሪያ የተቀጠርሁት ከከተማው ዳር በነበረው ጡብ መሥሪያ ጭቃ ረጋጭ ሆኜ ነው። ቀጥሎ ወደ ኖራ ጉድጓድ አዛወሩኝ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ እጅ ይልጣል፤ እዚያ አንድ በጋ ቆየሁ። ዳዊት የደገምሁ፣ መጻፍ የምችል መሆኔ ሲታወቅ የመጋዘን ጸሐፊ አደረጉኝ። አካፋና ዶማ ሲወጣና ሲገባ እመዘግባለሁ፣ ለሠራተኛ የይለፍ ወረቀት አዘጋጃለሁ፣ ቅዳሜ ደመወዝ ሲከፈል ስም እጠራለሁ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ነበር። ጣልያንኛ የለቀምሁት በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስት ካቦ፣ ማለት የሠራተኛ አለቃ፣ አሳልፌአለሁ፤ ሦስቱም ጣልያኖች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውን በስሙ ጠርቶ አያውቅም። ሁለተኛው የደጋው ብርድ አልስማማው ብሎ ሲያስል ከርሞ ተቀየረ። ሦስተኛው ቀጭን ረጅም ሰው ነበር፤ ቀጭኑ ካቦ እንለዋለን። ኳስ ይወዳል። ከአገሩ በመጣለት ጋዜጣ ላይ የአገሩ ብሔራዊ ቡድን አሰላለፍ በነጥብ ተሥሎ ነበርና ገጹን ቆርጦ በመጋዘኑ በር ላይ በሚስማር መታው። የእኛ ሠራተኞችም ልክ እንደዚያ ተሰልፈው እንዲጫወቱ ፈለገ። ጣልያኖቹ ከእኛ ጋር በአንድ ሜዳ እንዲጫወቱ አይፈቀድላቸውም ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሣጥን ላይ ተቀምጠው እኛን ያያሉ። ቡድናችንን «የአገሬው ቡድን» ይሉታል። ንቀው ያወጡት ስም ነው፤ እኛ ግን አልጠላነውም።

እስከዚያ ድረስ ስንጫወት ሁሉም ሰው ኳሷን ነበር የሚከተል። ገና ስንጫወት ሩሯን እንደምንከተለው ማለት ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ ከሄደች ሃያ ሁለት ሰው ወደ ቀኝ ይግተለተላል፤ የግራው ሣር ሳይረገጥ ይውላል። ቀጭኑ ካቦ ከሣጥኑ ላይ ተነሥቶ ይጮሃል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ የሚሰማን የለም።

ያስተማሩን የኔታ ይሄይስ ናቸው። የኔታ በደብረ ወርቅ ግራ ጌታ ነበሩ፤ በማሕሌት የግራውን ረድፍ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ ክፉ ጊዜ ከአገልግሎታቸው ተፈናቅለው የመጋዘኑ ዘበኛ ሆነው ከእኔ ጋር ይውሉ ነበር። ኳስ በእግራቸው ነክተው አያውቁም። በሩ ላይ የተመታውን ወረቀት ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሦስት ቀን ተመለከቱት። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ንጉሥ ሠ መሆኑን፣ አንደኛው በሌላው ላይ መቀመጡን በመቋሚያቸው ጫፍ አሳዩኝ።

እውነትም እንደዚያ ነው። በረኛው ብቻውን ከታች ይቆማል። ከእሱ ፊት ሁለት ኋለኞች፣ ከእነሱ ፊት ሦስት መሐለኞች አሉ፤ ሁለቱ የፊደሉ ሥር፣ ሦስቱ የፊደሉ ራስ ይሆናሉ። ከዚያ ወደ ላይ ሁለት አቀባዮች፣ ከእነሱም ፊት ሦስት አጥቂዎች አሉ፤ ይኸኛው ሁለተኛው ሠ ነው። ካቦው ወር ሙሉ ጮሆ ያልገባን ነገር በአንድ ጧት ገባን።

የየሰዉን ሥራ ደግሞ በማሕሌት ሥርዓት አስረዱን። የመሐሉ መሐለኛ መሪጌታ ነው፤ እሱ የጀመረውን ሌላው ይቀበላል፣ ስለዚህ ወደ ዳር አይወጣም። በቀኙና በግራው የሚቆሙት መሐለኞች ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ናቸው፤ ሥራቸው በየዳሩ የሚሮጠውን የባላጋራ ክንፍ መያዝ ነው። ሁለቱ ኋለኞች ከበረኛው ፊት አይርቁም። ሁለቱ አቀባዮች ከኋላ ተቀብለው ወደ ፊት ያደርሳሉ፤ ኳስ ይዞ መቆየት የእነሱ አይደለም። ሦስቱ አጥቂዎች ኳሷ እስክትመጣላቸው ይጠብቃሉ። ለእኛ ሰው ከሁሉ የከበደው ይህ መጠበቅ ነበር። አንዱ አጥቂያችን ሰው ሲሮጥ ቆሞ ማየት እንደ ሰነፍ ያስቆጥራል ብሎ አስቸገረ። የኔታ በማሕሌት ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ የሚቆመውን ሰው ሰነፍ ብሎት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ቆመ።

የኔታ ቡድን የሚያሰልፉበት መንገድ ይህ ነበር። ቁርበት ዘርግተው ለእኛ ዐሥራ አንድ ባቄላ፣ ለባላጋራ ዐሥራ አንድ አተር ያስቀምጣሉ። አንዱን ባቄላ ከማስቀመጣቸው በፊት ግን ሰውየውን ይጠሩትና ይጠይቁታል። ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ከወዲያ ማዶ ካሉት ማን እንደሚዛመደው፣ ከወዲህ ካሉት ከማን ጋር እንደተኳረፈ ይጠይቃሉ። ሠራተኛው ይስቅ ነበር። «የኔታ፣ ልትድሩን ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸው አይስቁም። ዋርሳና ዋርሳ የሆኑ ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው እንደማይነጋገሩ ባወቁ ጊዜ አንዱን ወደ ቀኝ ዳር፣ ሌላውን ወደ ግራ ዳር ወሰዷቸው። ጎን ለጎን ቢሆኑ ኳስ አይሰጣጡም ነበር።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቀን ጠየቅሁዋቸው። «ሜዳ የሚገባው እግሩ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ሰውየው አብሮ ይገባል።»

የእኔ ድርሻ ሌላው ነበር። መስመሩን በኖራ አሰምራለሁ፤ ኖራው ቀጠን ካለ ዝናብ ያጥበዋል፣ ከወፈረ ይላጣል። የኳሷን ቆዳ ውኃ እንዳይጠጣ ሞራ እቀባለሁ፤ ውኃ የጠጣች ኳስ በግንባር ከመቷት ሰው ትጥላለች። የጎሉን ባሕር ዛፍ ከነፋስ የሚያቆመው ጥልቀት ስንት ክንድ እንደሆነ አውቃለሁ። ባቄላውንም እይዝ ነበር። የኔታ ሲያሰልፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለማይ፣ ከጊዜ በኋላ እኔም የቻልሁ መሰለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትእዛዝ መጣ። በአባይ በረሃ ዝናብ ያፈረሰውን መንገድ የሚጠግን ዐሥር ያህል ሰው ከደብረ ማርቆስ ይውረድ ተባለ። በዚያ ወቅት ወደ በረሃው የወረደ ሰው ንዳድ ይዞት እንደሚመለስ፣ ወይም እንደማይመለስ፣ በከተማው የማያውቅ የለም። ቀጭኑ ካቦ የእኔ ሰዎች አይሄዱም አለ። ሠራተኞቹ የእሑድ ባላጋራችን የነበሩት የመኪና ጋራዡ ካቦም የእኔም አይሄዱም አለ። ሲከራከሩ ሰንብተው በመጨረሻ በኳስ ይቆረጥ ብለው ተስማሙ። እሑድ የተሸነፈው ቡድን ማክሰኞ ጧት ይወርዳል። ይህን ለሠራተኛው ያነበብሁት እኔ ነኝ። ካነበብሁ በኋላ ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከቡድናችን ጉልበተኛው አድማሱ ነበር። የሮብ ገበያ ሰው ነው፤ ጡብ ተሸካሚ። ሌላው ሁለት ሰው ሆኖ የሚያነሣውን ብቻውን ያነሣል፣ ሲሮጥም ትንፋሹ አይሰማም። በዚያ ሳምንት ሚስቱ የሺ ወሯ ገብቶ ነበር። የይለፍ ወረቀቱን ሊያሳድስ መጋዘን ሲመጣ በሩን ይዞ ቆመ።

«ጸሐፊው፣ እኔ ቆላ ብወርድ እዚህ ዘመድ የላትም። ውኃ እንኳ ማን ይቀዳላታል?»

አትወርድም አልሁት።

ዓርብ ዕለት የኔታ እኅታቸው ደብረ ወርቅ እንዳረፉ ሰሙና ለለቅሶ ሄዱ። በእግር የሚሄዱ ስለሆነ እሑድ እንደማይደርሱ አውቀዋል። ቁርበቱንና ባቄላውን አስረከቡኝ። ሁሉንም ጠይቅ አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

እኔ ግን አልጠየቅሁም። ሰዎቹን ለሁለት ዓመት ስለማውቃቸው መጠየቁ ጊዜ ማባከን መሰለኝ። ቅዳሜ ጧት ቀጭኑ ካቦ መጋዘን ገብቶ በበሩ ላይ ካለው ወረቀት የግራውን መሐለኛ ነጥብ በጣቱ መታው። በአገሩ ቡድን በዚያ ቦታ የሚቆመው ሰው እንደ ግንብ ነው አለኝ፤ ጉልበተኛህን እዚያ አቁመው አለ። እሺ አልሁ። ካቦውን ማስደሰት ፈልጌአለሁ፣ ይህን አልክድም። የኔታ በሌሉበት የኔታን መሆኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። የጋራዡ የቀኝ ክንፍ አባ ገበየሁ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው የተቃጠለችባቸው ወጣት ቄስ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ለማሳደር ጋራዥ ገብተው ጎማ ይፈታሉ። ሲሮጡ የሚይዛቸው ስለሌለ ካቦአቸው ኳስ ተጫወት አላቸው፤ እንቢ ማለት አልቻሉም። ጥምጣማቸውን ፈትተው በቆብ ይጫወታሉ። እኚህ ሰው የአድማሱ ነፍስ አባት ናቸው። እሑድ ጧት መስቀላቸውን ሲሳለም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የኔታ ከጋራዥ ጋር በተጫወትን ቁጥር አድማሱን ወደ ቀኝ ይወስዱት ነበር፤ ለምን እንደሚወስዱትም ነግረውኛል። በግራ ከቆመ የሚገጥመው አባን ነው። አውቅ ነበር። ነገር ግን አባይ በረሃ ከፊቱ እያለ፣ የሺ እንደዚያ ሆና እያለች፣ ለማንም አይመለስም ብዬ አሰብሁ።

እሑድ ከጨዋታው በፊት ቁርበቱን ዘርግቼ ለእያንዳንዱ ቦታውን አሳየሁ። አድማሱ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይቺ ባቄላ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ከፊቴ ያለችው አተርስ?»

«የጋራዡ ቀኝ ክንፍ።» ስማቸውን አልጠራሁም።

አተሯን ትንሽ ጊዜ ተመለከታት። «አንተ ካልህ እሺ» ብሎ ተነሣ።

ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ግን ኖራውን ከመስመሩ ላይ ያነሣው ነበር። ከዕረፍት በፊት የነበረው ጨዋታ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የተስተካከለ ነው። መሪጌታችን ከመሐል አልወጣም። ኋለኞቹ አልራቁም። አጥቂዎቻችን ጠበቁ፤ ጠብቀውም አንድ ጎል አገቡ። የጋራዡ ሰዎች እንደ ድሮው ወደ ኳሷ ይሰበሰቡ ስለነበር ኳሷ ወደ አባ ዳር የሄደችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ኋለኛችን ቀድሞ አወጣት። ቀጭኑ ካቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዕረፍት በኋላ የጋራዡ በረኛ ኳሷን አሻግሮ ለአባ መታላቸው። አድማሱ ከመሐል ተነሥቶ ሮጠ። ይደርስባቸዋል። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እጆቹ ወደ ጎኑ ወረዱ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቄስ ሲያልፍ ሰው እንደሚያደርገው ነው። አባ በአጠገቡ አለፉ። ኋለኛችን ከመሐል እስኪደርስ ኳሷ ጎል ገባች።

ከጋራዥ በኩል አንዱ «መስቀሉንም ተሳለም እንጂ!» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሌላው ደግሞ እሑድ ስለሆነ ቡራኬ መቀበሉ ነው አለ። ከእኛ በኩል የሳቀ የለም።

ጥፋቴ እዚህ ቢያበቃ ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቀርቶ ነበር። አድማሱን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዙሩ ብሎ አንድ ቃል መጮህ ይበቃ ነበር። አድማሱም ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ አየኝ። ካቦው አጠገቤ ነበር። አሰላለፉን ባዞር ከመጀመሪያው ስሕተት መሆኑን ማመን ሊሆንብኝ ነው፤ በካቦው ወረቀት ላይም እንደዚያ አልተጻፈም። ዝም አልሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ እንደገና ወደ አባ ዳር መጣች። አድማሱ እንደገና ሮጠ፣ እንደገና ቆመ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

ቀጭኑ ካቦ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። ደክሞት ነው አልሁት። እውነቱን ብነግረው የሚገባው አልመሰለኝም፤ ደግሞም የእኔ ድርሻ ምን እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር።

ሰኞ የወራጆቹን ስም ዝርዝር ጻፍሁ። ዐሥራ አንድ ስም ነው፤ የአድማሱ ሰባተኛው ነበር። እኔ ጸሐፊ ስለሆንሁ አልወርድም።

ማክሰኞ ጧት የጭነት መኪናው መጋዘኑ ፊት ቆመ። ሰዎቹ ስንቃቸውን ይዘው መጡ። አድማሱ ከሁሉ ኋላ ቆሟል፤ ዓይኑን አላየሁትም። ስም ልጠራ ስል አባ ገበየሁ በጥምጣማቸው፣ በትከሻቸው ትንሽ አቁማዳ ይዘው ደረሱ። ወደ እኔ ቀረቡና የአድማሱን ስም ሰርዘህ የእኔን ጻፍ አሉኝ።

«አባ፣ እርስዎ እኮ አሸንፈዋል» አልሁዋቸው።

«አላሸነፍሁም። ተለቀቀልኝ።»

አድማሱ ይህን ሲሰማ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምወርድ እያለ ለመናቸው። አባ አነሡት። ለእሱ የተናገሩት በጆሮው ስለሆነ አልሰማሁም። ለእኔ ግን አድማሱ ሲቆም አይተው እንደነበር፣ የእሳቸውም ጓደኞች ቤተሰብ ስላላቸው ኳሷን መተው እንዳልቻሉ፣ አሁን ግን የሚጠይቃቸው ቡድን እንደሌለ ነገሩኝ። ልጆቻቸው ከእናታቸው ወገን ዘንድ ናቸው አሉ። ጻፍሁ። ካቦው ሲቆጥር ዐሥራ አንድ ሰው ስላገኘ ምንም አላለም።

የሺ በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። ውኃውን አድማሱ ቀዳላት።

የኔታ ከለቅሶ ሲመለሱ የሆነውን ነገርሁዋቸው። አልተቆጡኝም። ቁርበቱን ዘርጋ አሉኝ። ዘረጋሁ። አቁማቸው አሉኝ። ባቄላዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጥሁ፤ አድማሱ ላይ ስደርስ ወደ ቀኝ ወሰድሁት። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልክ ነው» አሉ። «አሁን ግን ባቄላ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ በመጋዘኑ ቁርበት አልተዘረጋም። ቡድንም አልነበረንም።

በኅዳር መኪናው ተመለሰ። ከዐሥራ አንዱ ዘጠኙ ወረዱ፤ ቢጫ ሆነው፣ በፀሐይ እየተንቀጠቀጡ። አባ ገበየሁና በረኛችን አልነበሩም። የቀበሩዋቸው ሰዎች እንደነገሩኝ አባ ንዳዱ እስኪጥላቸው ድረስ ማታ ማታ ለሠራተኛው ጸሎት ያደርሱ ነበር። በረኛው ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። እሱንም ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ የእሱ ስም በሌላ ስም አልተተካም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ መጋዘኑ ተዘጋ። የኔታ ወደ ደብረ ወርቅ ማሕሌታቸው ተመለሱ፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል ይባላል። እኔ መምህር ለመሆን እዚህ መጣሁ። በትምህርት ቤታችን የኳስ ቡድን ሲቋቋም ልምድ ያለው ማነው ተብሎ ሲጠየቅ እጄን አላወጣሁም። መምህራችን ለምን እንደሆነ ቢገርማቸው፣ ይህ ጽሑፍ መልሱ ይሁንልኝ።

አድማሱ ሮብ ገበያ ገብቶ የአባቱን መሬት ያርሳል። የአባ ገበየሁን ሙት ዓመት በየዓመቱ የሚያወጣው እሱ ነው። ከዚህ በፊት ሄጄ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ትምህርት ሲዘጋ ሄድሁ። ካህናቱ በልተው ከተነሡ በኋላ ከዳሱ ዳር ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ስለ እህሉ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። መልሼ ስጨርስ ይዤ የኖርሁትን ተናገርሁ።

«በዚያ እሑድ ከፊትህ የሚቆሙት አባ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ሳላውቅ አይደለም ያቆምሁህ።»

አድማሱ ጎንበስ አለ። ከመሬት ላይ ገለባ አንሥቶ በጣቶቹ ይሰባብር ነበር።

«እኔስ ታውቃለህ ብዬ አይደል ዝም ያልሁት» አለ። «እያወቅህ እዚያ ያቆምኸኝ አንድ ነገር አስበህ መሰለኝ። እስኪያልቅ ድረስ እሱን ነበር የምጠብቅ።»

 በዚያ ሳምንት የተወለደችው ልጁ የእጅ ውኃ ይዛ ወደ እሱ መጣች። እሱ እጁን አልዘረጋም፤ መጀመሪያ ለእንግዳው አፍስሺ አላት።